ከኦፕራሲዮን በፊት የተሰማ ኑዛዜ

«የቆሰለ አክመሃል» ብለው ከፍኖተ ሰላም ወስደው ቡሬ ዳር ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ ዘጉብኝ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የበቆሎው ብናኝ ገና አፍንጫ ይቆጠቁጣል። ሥራዬ ቀዶ ሕክምና መሆኑ ሲሰማ፣ ጥርሱን ያመመው እስረኛ ሳይቀር እኔው ዘንድ ይመጣ ጀመር።

አጠገቤ የሚተኙት ከፈረስ ቤት የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የቆየ ቡአ ነበረባቸው። አንድ ቀን ጠዋት ቡአው ወጥቶ አልመለስ አለ፤ ያስመልሳቸው ጀመር። ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው ተነፍቶ ደረቀ፣ እጃቸው ቀዘቀዘ። አንጀታቸው ታንቋል። በሩን ደበደብን።

የጥበቃው አዛዥ መጣ።

«አንተ ሐኪም፣ ኦፕራሲዮን ቢሆን ይድናል አይድንም? ቁርጡን ንገረኝ። ለሚሞት ሰውማ መኪና አላስነሳም።»

ከኦፕራሲዮን በፊት በሽተኛን ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብዬ መመደብ የዘወትር ሥራዬ ነው። እሳቸው ከባድ ነበሩ፤ ዕድሜው አለ፣ አስሙ አለ፣ የባከነው ሰዓት አለ። እውነቱን ብናገር ይተዋቸዋል። ቀላል ነው ብል ደግሞ «እንግዲያ ይደር» ይላል። ተናደድኩ። ኧረ እሱ ማን ሆኖ ነው ለእሱ የምነግረው? በአገራችን ክፉ ዜና ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። እዚያ ግን ቤተሰብ የለም። ጀርባዬን ለአዛዡ ሰጥቼ ሽማግሌው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«አባቴ፣ ኦፕራሲዮን ካልሆኑ አይተርፉም። ቢሆኑም ላይነቁ ይችላሉ። ግን ዕድል አለዎት። ምን ይላሉ?»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ልሂድ። ግን ተናዝዤ ነው። ምስክር ሁኑኝ።»

እስረኛው ሁሉ ተነሥቶ ከበባቸው። በሬው ለማን፣ ማሳው ለማን እንደሚሆን ተናገሩ። መጨረሻ ላይ፣ «ሴት ልጄን ያለ ፈቃዴ አገባች ብዬ ደጄን ከልክያት ነበር። ይቅር ብያታለሁ፤ ቤቷ ትግባ» አሉ። አዛዡ ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እሱም የገበሬ ልጅ ነው፤ ኑዛዜ አላቋረጠም። ሲጨርሱ ሹፌሩን ጠራ።

ሆስፒታል ተወስደው ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ስፈታ ፈረስ ቤት ሄጄ ልጅቷን አፈላልጌ የአባቷን ቃል ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«አባባ እንደሚሞት አውቆ ነው እንዲህ ያለ?»

«ነግሬያቸው ነበር። አውቀው ነው።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።

ዛሬም አስታማሚ ወደ ጥግ ይጎትተኝና «አደራ፣ ለሱ እንዳትነግረው» ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምሄደው ወደ በሽተኛው አልጋ ነው።