የጌትነት ሞተር

ጎረቤቴ በሞተር መጋዝ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ፣ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ጭስ በመስኮት ገባ። ፍኖተ ሰላም መሆኔን ረስቼ ቡሬ፣ የአባቴ ጋራዥ ውስጥ ተገኘሁ።

አባቴ ለወንድሜ ለጌትነት ዳገት የሚዘል ሞተር ሳይክል እየሠሩለት ነበር። የትንሽ ሞተር ሳይክል ሻሲ ቆርጠው አሰፉና እንደ ጎረቤቴ መጋዝ የሚጨስ ትልቅ ሞተር ገጠሙበት። ዘይቱን ከቤንዚን የምቀላቅለው እኔ ነበርኩ። ሞተሩ ሲያስነጥስም ቀድሜ የምሰማው እኔ። ጌትነትማ እጁ ዘይት እንዳይነካ ይሸሽ ነበር።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ኮርቻው ላይ እሱን አወጡት።

«እኔስ አባባ?»

«አንቺማ የሰው ነሽ» አሉኝ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

ልጃቸው አይደለሁም ማለታቸው መሰለኝ። ከሞተሩ በተፈታው ስፖኪዮ ፊቴን እያየሁ ከእሳቸው ፊት ጋር ሳስተያይ ከረምኩ። ሴት ልጅ ለባል ቤት ናት ማለታቸው እንደነበር የገባኝ አግብቼ እዚህ ስመጣ ነው።

አሁን ጌትነት አዲስ አበባ ነው፤ ሞተሩ እሳቸው ጋር ቀርቷል። ባለፈው እሑድ ደውለው ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጉልኝ።

«ምን ነካው? እስቲ ስሚልኝ።»

ሰማሁት። ዘይት በዝቶበት ካንዴላው ረጥቧል።

«ልጅዎን ይጠይቁት» አልኳቸው።