አስራ አንድ የነሐስ ቀለሆች

ኮረብታው የራሱ ስም ነበረው። እኛ ግን ካርታው ላይ በተጻፈለት ቁጥር ነበር የምንጠራው። ያዙት የሚል ትእዛዝ የደረሰን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ያዝነው። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ አልወረድንም።

እዚህ ሲያትል ያደጉ የአበሻ ልጆች ጦርነት ምን ይመስል እንደነበር ሲጠይቁኝ፣ የሚጠብቁት ስለ ታንክና ስለ አውሮፕላን እንዳወራላቸው ነው። እኔ በቅርብ ታንክ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ተቃጥለው የቆሙ ነበሩ። የሻምበሏ ጸሐፊ ነበርኩ። ከክላሼ ሌላ የያዝኩት አንድ መዝገብና አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። የምጽፈውም ስለ ጣሳው ነው።

በእኛ ሻምበል አንገቱ ላይ የመታወቂያ ቁጥር ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ወታደር ስሙን፣ የአባቱን ስምና የትውልድ ቦታውን በትንሽ ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱን ጠቅልሎ ቀለህ ውስጥ፣ ማለትም ጥይት ተተኩሶ የሚቀረው ባዶ ቀፎ ውስጥ ይከታል። አፉን በሻማ ሰም ይደፍንና እንደ ክታብ አንገቱ ላይ ያስረዋል። የክላሽ ቀለህ ብረት ስለሆነ በላብ ይዝጋል፤ ሁሉም የሚፈልገው የነሐሱን ነበር። ሰው ሲሞት ቀለሁን ከአንገቱ ፈትተው ለእኔ ይሰጡኛል። እኔ ክሩን ቆርጬ ጣሳው ውስጥ አኖረዋለሁ። መኪና ሲመጣ ወደ ኋላ መላክና ቤተሰብ እንዲረዳ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር።

ሰሙን ከፍቼ ስሞቹን መዝገብ ላይ መገልበጥ ነበረብኝ። የሻምበሏ የስም ዝርዝር ከመኪና ጋር ተቃጥሎብን ስለነበር ከዚያ ጣሳ ሌላ ማስረጃ አልነበረንም። ግን የሟች ቀለህ መክፈት እጅ ያስራል። ነገ፣ ነገ እያልኩ አስራ አንድ ሞላ።

ውሃ የምንቀዳው ከኮረብታው ግርጌ ካለ ምንጭ ነበር። ከማዶ ገደሉ ላይ የተቀመጠ ተኳሽ ቀጂዎቻችንን ይለቅማቸው ነበር። በሁለት ሳምንት አምስት ሰው ሞተብን። የእኛ ክላሽ እዚያ ድረስ አነጣጥሮ አይመታም። የሚደርሰው ሚሊሺያው ጋሽ ደምሴ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት አሮጌ ምንሽር ብቻ ነው። እሳቸው ማዶውን ሲይዙልን ቀጂዎቹ ይወርዳሉ። ከዚያ የምንሽሩ ጥይት አለቀ። ለእንዲህ ያለ ጠመንጃ ጥይት የሚልክ ግምጃ ቤት ደግሞ የለም።

አስር አለቃ ሙላት ከመዝመቱ በፊት አንጥረኛ ነበር። ጉትቻና መስቀል ይሠራ የነበረ እጅ ነው። የጋሽ ደምሴን ባዶ ቀለሆች እንደገና ልሙላቸው አለ። ባሩዱን ከሌላ ጥይት አወጣ። ያስቸገረው ከፊት የሚወጣው አረር ነው። መጀመሪያ እርሳስ ብቻ አቅልጦ ሞከረ። እርሳሱ ለስላሳ ሆነና የጠመንጃውን ውስጥ ለቀለቀው፤ ሦስተኛው ጥይት የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አናውቅም። «ነሐስ ላልብሰው» አለ። ከምሽጉ ዙሪያ የለቀምነውን ነሐስ በፍም አለስልሶ፣ እየቀጠቀጠ ስስ ልባስ ያወጣና እርሳሱን ያለብሰዋል። ቀኑን ሙሉ ቢለፋ ሦስት ይወጣው ነበር። ጋሽ ደምሴ የመጀመሪያዋን ተቀብለው ሲያገላብጧት ቆዩና «የጣልያን ነው ብትሉኝ አምን ነበር» አሉ። ሙላት ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሙላት ነሐስ እንዳለቀበት ሊነግረኝ መጣ። ወባ ይዞኝ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነበር። የለቀምነውንም ነሐስ የማጠራቅመው በዚያው ዓይነት የወተት ጣሳ ነበር። «ጥግ ላይ ያለውን ውሰድ» አልኩት። ጥግ ላይ ሁለት ጣሳ ነበር። ከመሬት የሚለቀም ቀለህ አፉ ጭቃ ጎርሶ ነው የሚመጣው፤ አፈር የነካው ሰምም ጭቃ ይመስላል። ሙላት የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም።

ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ እየሮጠ ተመለሰ። «ሰም ሸተተኝ» አለኝ። እየተንገዳገድኩ ስደርስ አስራ አንዱም ፍም ውስጥ ቀልተው ነበር። በእንጨት እያወጣን አራገፍናቸው። ከእያንዳንዱ ቁንጥር አመድ ወጣ።

እስኪመሽ ከምሽግ ምሽግ እየዞርን ስም ጠየቅን። የአንዱን አባት ስም አንዱ፣ የሌላውን አገር ሌላው አስታወሰ። አስሩን አገኘን። አስራ አንደኛው ከተመደበ በሦስተኛው ቀን ምንጩ ላይ የወደቀ ምትክ ነበር። በደብረ ዘይት መስመር የአውቶቡስ ረዳት ስለነበር ሁላችንም «ረዳቱ» ነበር የምንለው። ውሃ ቀጂዎች ሲሰለፉ «አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ያስቀን ነበር። የግራ አውራ ጣቱን የአውቶቡስ በር ቆርጦታል። ይህን ሁሉ እናውቃለን። ስሙን የጠየቀው ግን የለም።

ሙላት የተቃጠሉትን ቀለሆች በቆቡ ይዞ መጣ። «ልቅበራቸው ወይስ ልሥራቸው?» አለኝ። በዋናው ምሽግ የቀረን ግማሽ በርሜል ውሃ ነበር።

«ሥራቸው» አልኩት።

ለማግስቱ ሦስት ደረሱ። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፤ ስድስት ሰው ወረደ። ከማዶ ተተኮሰ። ጋሽ ደምሴ መለሱ። እንደገና መለሱ። ማዶው ጸጥ አለ። ስድስቱም ተመለሱ። ጠጣን። የቀሩትም በቀጣዮቹ ቀናት ተተኮሱ። ሙላት በወሩ ሞርታር ወድቆበት ሞተ። የእሱን ቀለህ በዚያው ሰዓት ከፍቼ ስሙን ጻፍኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ በሎተሪ ቪዛ ሲያትል ገባሁ። ቡሪየን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ ኤርፖርት ሻንጣ እጭን ነበር። ጎረቤቴ ሮን ጡረታ የወጣ የብረታ ብረት ሠራተኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡን ከፍቶ ጠራኝ። ለኢላማ የሚተኩሰውን ጥይት ራሱ ይሠራል። ከተኩስ ሜዳ የለቀማቸውን ትንንሽ የነሐስ ቀለሆች በእሳት ያለሰልስና እርሳስ ከቶ በማሽን ይጫናቸዋል። የሙላት ሥራ ነው፤ እሳቱ ብቻ የጋዝ ነው። ቀለሆቹን የያዘውን ጣሳ ወደ እሳቱ ሊገለብጥ ሲል እጁን ያዝኩት።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ቀለሆቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ ውስጣቸውን አየሁ። ባዶ ነበሩ። ሮን ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ እሳቱን አጠፋ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአስራ አንደኛው ሰው ቤተሰብ የት እንዳለ።

መልሱን አውቀው ነበር። ያፈርኩትም በዚህ ነው። እትዬ አስናቀች የሚባሉ ሴት ኤርፖርት ጽዳት ላይ ይሠሩ ነበር። ከዓመት በፊት በምሳ እረፍት ስለ ጠፋ ወንድማቸው አውርተውኛል። በደብረ ዘይት መስመር ረዳት የነበረ፣ አውራ ጣቱ የተቆረጠ። ምናልባት ሱዳን ገብቶ ይሆናል፣ አንድ ቀን ኮል ያደርጋል ብለው ስልካቸውን አይቀይሩም ነበር። ስሙን ሳልጠይቅ፣ ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሳቸው በሚገቡበት ፈረቃ አልገባም።

በማግስቱ እሑድ በአውቶቡስ ሬኒየር ቫሊ፣ እትዬ አስናቀች ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነበር። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወንበር ሰጡኝ።

«እትዬ አስናቀች፣ ስለ ወንድምዎ የማውቀው ነገር አለ።»

ፊቴን አይተው ተረዱ። «ዛሬ ነው የሰማኸው?» አሉኝ።

«አይደለም። ሲነግሩኝ ያን ዕለት አውቄያለሁ።»

ጣሳውን፣ ወባውን፣ ሰሙን፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አለቀሱ። ልጃቸው ከጓዳ ወጥታ «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ስትላቸው በእጃቸው መለሷት። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ሶ ስሙን የያዘውን ቀለህ ጥይት አደረጋችሁት።»

«አዎ።»

«ውሃውስ ተቀዳ?»

«ተቀዳ። የወረዱት ስድስቱም ተመለሱ።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፤ እሱን ሌላ ቀን እናየዋለን» አሉኝ። «አሁን ወረቀት አውጣና ጻፍ። ጌታሁን ወልዴ። አቃቂ።»

ጻፍኩ። አንብበው አሉኝ፤ አነበብኩላቸው።

በዚያ ኮረብታ ላይ ከሻምበላችን አርባ ሰባት ሰው ሞቷል። አርባ ስድስቱን በስም ይዤ ነበር፣ አሁን ሁሉም ሞልቷል። ልጆቹ ስለ ጦርነት ሲጠይቁኝ ይህን ነው የምነግራቸው። ረዳቱ ከእኛ ጋር የነበረው ሦስት ቀን ነው። በሦስቱም ቀን ከአንድ ሳህን በልተናል። ስሙን ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር።