ሞላውን ይቁረጡልኝ

መኪናዬን ያበላሸኋት እኔው ነኝ፤ ያኔ ግን ማሻሻል ነበር የምለው። የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ ፊያት ነበረች። በሥራ ቀን ከቦሌ ኦሎምፒያ አጠገብ ወዳለው ቢሮዬ ታደርሰኛለች። እሁድ ጠዋት ደግሞ ገርጂ፣ ዛሬ ኢምፔሪያል ከሚባለው አለፍ ብሎ በነበረ ሜዳ ላይ፣ ባዶ በርሜሎች ደርድረን በዙሪያቸው እንሽቀዳደማለን። አገሩ በሙሉ ስለ ወዛደር ሲያወራ እኛ ጥቂት ሰዎች ስለ ካርቡራተር እናወራ ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን የሳምንት ድርሻን በርሜል ሲዞሩ ማቃጠል የጤነኛ ሥራ አይደለም፤ ጤነኛ ነኝ ያለም አልነበረም።

ክብደቷ እንዲቀንስ የኋላ ወንበሯን አውልቄ እቤት ሶፋ አደረግኩት። ማርሚታዋን አስነቅዬ በምትኩ ቀጥ ያለ ቧንቧ አስበየድኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቦሌ መንገድ ላይ ሳልፍ ሰው ወፍጮ ቤት የመጣበት ይመስለው ነበር። መለዋወጫ እንደ ልብ ስለማይገኝ ካንዴላውን በብረት ብሩሽ እየፈገፈግኩ፣ ያለቀውን የፍሬን ሸራ እያስለጠፍኩ፣ ለአንዲት እሁድ ሩጫ ሳምንቱን ሙሉ ከሥሯ ተኝቼ እከርማለሁ።

የቀረኝ ቁመቷ ነበር። ኩርባ ላይ ስትደርስ እንደ ሰካራም ትወዛወዛለች። አውሮፕላን የሚጠግን አንድ ጎረቤቴ ልክ እንደኔዋ ያለች ፊያት አለችው፤ እሱ ግን የሷን ዝቅ አድርጓት በየእሁዱ ይቀድመኛል። ዝቅ የምትደረገው ደግሞ የፊት እግሮቿ ላይ ያለውን ጠምዛዛ ብረት፣ ሞላውን፣ ከላይ አንድ ዙር በመቁረጥ ነው። በእሳት ከተቆረጠ ብረቱ ስለሚለሰልስ በመጋዝ መሆን አለበት።

ሐሙስ ጠዋት መኪናዋን ጋራዥ ትቼ ከቢሮ ደወልኩ። ጋራዡ ላምበረት ነበር፤ ባለቤቱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው ከብረት ጋር ያረጁ ሰው ናቸው። መስመሩ እንደ ልማዱ ይንጫጫል። ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«ጋሼ፣ ሞላውን ዛሬውኑ ይቁረጡልኝ። ከላይ ነው የሚቆረጠው። በእሳት እንዳይሆን፤ ጊዜ ቢወስድም በመጋዝ። ለእሁድ ማለቅ አለበት። ወሬው ደግሞ እንዳይወጣ አደራ።»

የመሥሪያ ቤታችንን ካድሬ ስም አልጽፍም። ከዚያ ጠምዛዛ ብረት ስም ጋር አንድ ነበር ካልኩ ይበቃል። ወላጆቹ ቤታችን ሞላ ብለው ሲያወጡለት ስለ መኪና እግር አላሰቡም፤ እኔም ስልኩን ሳነሳ ስለ ካድሬ አላሰብኩም። የስልክ ማዞሪያው ላይ የምትቀመጠው ሴት ግን አሰበች። ጥሪ እያገናኘች ታዳምጣለች፤ ማገናኘቱን በደመወዝ፣ ማዳመጡን በፍላጎት።

ዓርብ ጠዋት ካድሬው ቢሮ ተጠራሁ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ቆሟል። ካድሬው በዕድሜ ያንሰኛል፤ በየስብሰባው ንዑስ ከበርቴ እያለ ሲሰድበን ድምፁ እንኳ አይዝልም ነበር። ያን ዕለት ግን ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጢሙንም አልተላጨም።

«ጋሼ የሚባለው ማን ነው?» አለኝ።

«ሜካኒክ ናቸው።»

«የሕቡዕ ሴሉ መሪ እሱ ነው?»

«የጋራዡ ባለቤት ናቸው።»

«ለምንድን ነው በመጋዝ?»

ነገሩ አልገባኝም ነበርና በሙሉ ልብ አስረዳሁት። «በእሳት ከሆነ ይለሰልሳል ጓድ፤ ከዚያ በኋላ ክብደት አይችልም። በመጋዝ ሲሆን ግን ጥንካሬው እንዳለ ይቀራል።»

ጠባቂው ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት።

«የማን ጥንካሬ?» አለ ካድሬው።

«የሞላ» ከማለቴ ገባኝ። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይወሰዳል፤ ቤተሰቡም ስንቅ ይዞ ከእስር ቤት እስር ቤት ሲንከራተት ይከርማል። አንድ ቀን ስንቁን መልሱ ይባላል፤ ያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም።

«ጓድ፣ እኔ ‹ሞላውን› ነው ያልኩት፤ የመኪና ዕቃ ነው» አልኩ። «የሰው ስም ‹ው› አይገባበትም። እርስዎን ቢሆን ‹ሞላን ይቁረጡልኝ› ነበር የምለው።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ምላሴን በቆረጥኩት አልኩ። ነፍሴ በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥላ እኔ ሰዋስው አስተምራለሁ። የስልክ ሠራተኛዋ ተጠራችና «‹ሞላን› ነው የሰማሁት» አለች ጥፍሯን እያየች። «መስመሩ ግን ይንጫጫ ነበር።»

ካድሬው ጥቂት አሰበና ጋራዡን አሳየኝ አለ። በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ሄድን፤ እኔ ከኋላ፣ ከጠባቂው ጎን ተጣብቄ። መንገዱን ሙሉ ጋሼ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ስጸልይ ነበር፤ ጸሎት ከተውኩ የቆየሁ ሰው ነበርኩ።

ስንደርስ ጋሼ አንድ የጭነት መኪና ሥር ገብተው እግራቸው ብቻ ይታያል። ካድሬው ጎንበስ ብሎ «ሞላ የት ነው?» አላቸው።

«ቆረጥኩት» አሉ ከሥር ሆነው፣ መፍቻቸውን ሳያስቀምጡ። «ትናንት ነው የጨረስኩት። አስቸገረኝ እንጂ፣ ስንት መጋዝ በላብኝ።»

ካድሬው ከነሕይወቱ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ጠባቂው ጠመንጃውን አቀባበለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የት አደረግከው?» አለ ካድሬው።

«መኪናዋ ላይ ነዋ። ትራፊው እዚያ ጥግ ወድቋል፤ ከፈለጋችሁ ውሰዱት።»

ጠባቂው እያመነታ ወደ ጥጉ ሄደ፣ ሁለት ዝገት የበላቸው የብረት ቀለበቶችም ይዞ ተመለሰ። ካድሬው አንዱን ተቀብሎ አገላበጠው። ጋሼ ከመኪናው ሥር ሲወጡ ጠመንጃውን አዩና ከነመፍቻቸው እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ካድሬው እዚያ በወደቀ ጎማ ላይ ቁጭ አለ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚስቅ መስሎኝ አብሬው ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እናቴን ተሰናብቻት ነው የመጣሁት» አለ።

ጠላሁት፣ አዘንኩለትም። ከዚያ የሚያስፈራኝን ጠየቅኩ። «ለበላይ ነግረዋል ጓድ?»

«አልነገርኩም። አሁንስ ብነግር ምን ልል ነው? ብረት ሊቆረጥ ነው ሲባል የምቆረጠው እኔ መሰለኝ ልበል?»

ያዳነኝ እውነቱ አይደለም፤ የሰውዬው እፍረት ነው። ጠባቂውንም ጋሼንም ምንም አላየንም እንዲሉ አስማላቸው። ጋሼ ያላዩት ነገር ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ቢሆንም ማሉ።

ከዚያ ዝቅ ያለችውን መኪና ልያት አለና ከጎኔ ተቀመጠ፤ ላንድሮቨሩ ከኋላ ተከተለን። ፊያቷ በየጉድጓዱ ሆዷ መሬት እየነካ ትንገጫገጫለች። እኔ ከሞት ተርፌ አፌ አልዘጋ ብሎኛል፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር «አየህ፣ አትወዛወዝም» እላለሁ። አንተ ማለቴን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እሱ ግን ብረቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊት ያያል።

«ባለፈው ክረምት ከሒሳብ ክፍል የወሰድነው ልጅ» አለ ገርጂ ስንደርስ፣ «እሱንም ስልክ ላይ ነው የሰማነው። ‹ሰኞ እንጨርሰዋለን› ነበር ያለው።»

እግሬን ከቤንዚን መስጫው ላይ አነሳሁ።

«ማንን ብዬ ጠየቅኩት። ግድግዳውን ነው፣ ላምበረት ቤት እየሠራሁ ነው አለኝ።» ብረቱን በጣቱ አዞረው። «ሄጄ አላየሁም።»