የባምላክ ፈረስ የሰጠው ድምፅ

አቶ ይርሳው በዳንግላ ከተማ ሠላሳ ዓመት ጋሪ ሲነዱ ኖረው በሰው ፊት የሚጠሩበት ማዕረግ አልነበራቸውም። ስለዚህ የጋሪ ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበርነትን በአንድ ድምፅ ብልጫ ያሸነፉ ዕለት እግራቸው መሬት አልነካም፤ «ሊቀመንበር!» ብሎ የጠራቸውን ሁሉ፣ ባላንጣዎቻቸውን ባለባጃጆች ሳይቀር፣ እያቀፉ ሳሙ።

ደስታው ሳምንት ሳይሞላው ተሸናፊው ተሻገር በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። በማኅበሩ ደንብ መሠረት መራጩ ባለጋሪ መሆኑ እንዲረጋገጥ፣ ጋሪውን ከነፈረሱ ከሚመርጠው ዕጩ ኋላ ያሰልፋል። የተሻገር አቤቱታ እንዲህ የሚል ነበር፦ ባምላክ የተባለው አባል ቆጠራው ሳይጀመር ጋሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው፤ ፈረሱም ማንም ሳያዘው ከተሻገር ሰልፍ ወጥቶ ወደ ይርሳው ሰልፍ ተሻገረ።

«ማንን መረጥህ?» ሲሉ ዳኛዋ ወይዘሮ ትርሲት ባምላክን ጠየቁት።

«ተሻገርን ነበር፣ ክብርት ሆይ። ስነቃ ግን ጋሽ ይርሳው አቅፈው ይስሙኛል። ደስታቸውን ማፍረስ አሳፈረኝ።»

«ታዲያ ፈረሱን ምን ሳበው?»

የይርሳው ወዳጅ ቢሻው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ «ዝም ይበሉ ጋሽዬ! የፈረሱ እርምጃ የባለቤቱ ፈቃድ ነው ብለን እንከራከራለን» አላቸው።

ይርሳው ምክንያቱን ያውቁታል፤ ዝም ቢሉ ወንበሩ የእርሳቸው ነው። ሊኮሳተሩ ሞከሩ። ሳቁ ግን ከሆዳቸው ተነሥቶ ትከሻቸውን አርገፈገፈው።

«ክብርት ዳኛ፣ ፈረሱ የመረጠው እኔን አይደለም። ከሰልፌ ፊት የቆመችው ባዝራዬ በዚያ ሰሞን ወንድ ትፈልግ ነበር!»

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛዋ ፊታቸውን በመዝገቡ ከለሉ።

«ይኸው! ያሸነፉኝ በባዝራ ነው!» እያለ ተሻገር ጮኸ።

ፍርድ ቤቱ ምርጫው እንዲደገም፣ አባላቱ በእግራቸው እንዲሰለፉ፣ እንስሳቱም ከግቢው ውጭ እንዲታሰሩ ወሰነ።

በድጋሚው ምርጫ ሁለቱ ሰልፎች እኩል ለእኩል ሆኑ፤ የቀረው ባምላክ ብቻ ነበር። መሀል ሜዳው ላይ ቆሞ ራሱን አከከና ቀጥ ብሎ ከይርሳው ኋላ ተሰለፈ።

«ምነው ባምላክ! የእኔ አልነበርህም እንዴ?» አለ ተሻገር።

«ነበርሁ። ነገር ግን ያገኙትን ወንበር በገዛ አፋቸው ያስነጠቁ ሰው እኔን ምን ብለው ይዋሹኛል?»

«አልቀበልም! ነቅቶ መሆኑ ይጣራልኝ!»

ሊቀመንበር ይርሳው በሳቅ እየተንተከተኩ ዘወር አሉና ባምላክን ክንዱ ላይ ቆነጠጡት። ጩኸቱ እስከ ገበያው ተሰማ።