አንገቴን የሚያውቅ ሰው

ባለፈው ጥር ደብረ ማርቆስ፣ ገበያው አጠገብ ካለ ፀጉር ቤት ገብቼ እንደተቀመጥኩ ፀጉር አስተካካዩ አንገቴን ከኋላ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ወደ ታች ደፋኝ። ማጅራቴን ሊያስተካክልልኝ ነው እንጂ ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ግን ዓይኔ እንባ ሞላ።

"አመመዎት እንዴ ጋሼ?" አለኝ ደንግጦ።

"ማሽንህ ፀጉር ይነቅላል" ብዬ ዋሸሁት። ምስኪን፣ ማሽኑን ፈታቶ ዘይት ቀባው።

እውነቱን ለመናገር፣ አንገቴን እንደዚያ አድርጎ የሚይዘኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ታጋይ ነበርኩ ስል በረሃ ወርጄ ጠመንጃ የተሸከምኩ የሚመስለው አለ። የኔ ትግል ሰው ይዘው መሬት የሚጥሉበት፣ ወር ሲደርስ ደሞዝ የሚከፈልበት የክለብ ትግል ነው። ሰው እየጣልኩ ልጆች አሳድጌአለሁ። ስወድቅም ደሞዙ ያው ነበር።

የጀመርኩት ደብረ ኤልያስ፣ ጥምቀት ላይ ነው። ታቦት ገብቶ ሰው ሲበታተን ጎረምሳው ሜዳው ላይ ይቀርና ጎጥ ለጎጥ ይያያዛል። እዚያ ሜዳ ላይ ሕግ አለ፤ የጣለ ያነሳል። ባላጋራን ጥሎ፣ ፎክሮ፣ ዞር ማለት የለም። እጁን ይዘህ ታነሳዋለህ፤ የጀርባውን አቧራ በእጅህ ታራግፍለታለህ። ይህን ያላደረገ ምንም ጉልበተኛ ቢሆን ባለጌ ነው የሚባለው፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚገጥመው አያገኝም። ከዚያ ሜዳ መልምለውኝ ነው ማርቆስ የገባሁት።

ክለቡ ውስጥ አንድ የደምበጫ ሰው ቆየኝ። ኪሎው ኪሎዬ፣ ቁመቱ ቁመቴ። ክለቡ ደግሞ በአንድ ኪሎ ለውድድር የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ውድድር በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ እኔና እሱ እንገጥማለን፤ የጣለ ይሄዳል፣ የወደቀ እቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። በደንቡ ቢሆን ተጠላልተን መኖር ነበረብን። አልሆነም። ገለባ በታጨቀበት ፍራሽ ላይ ከጧት እስከ ማታ ተያይዘን እንውላለን። የጣለኝ ቀን እጄን ይዞ ያነሳኝና ጀርባዬን ያራግፍልኛል። ሌሎቹ "ፍራሽ ላይ ምን አቧራ አለ?" እያሉ ይስቁበታል። እሱ መች ሰምቷቸው።

የማንመሳሰለው ጾም ላይ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሁለታችንም እንጾማለን፤ እሱ ለእግዚአብሔር፣ እኔ ኪሎዬ እንዲወርድ። "አንተ እኮ የምትሰግደው ለሚዛኑ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው።

ሰው ከሰው ጋር ዓመታት ሲተናነቅ ምን እንደሚያውቅ ላልታገለ ማስረዳት ይከብዳል። ልጄ ታማብኝ ያደረች ቀን፣ ማንም ሳይነግረው፣ ትከሻዬን እንደያዘ "ዛሬ እዚህ የለህም" ብሎ ለቀቀኝ። እኔም ሲከፋው ከአንገቱ አውቃለሁ፤ ጅማቱ ይገተራል። ያወራነው ሁሉ ቢሰበሰብ ግን ግማሽ ቀን አይሞላም።

ዕድሜ ሲመጣ ክለቡ አሰናበተን። እሱ ደምበጫ ገብቶ እርሻውን ያዘ። እኔ እዚሁ ቀርቼ ትምህርት ቤት ስፖርት አስተማርኩ፤ አሁን ከዚያም ጡረታ ወጥቻለሁ። ነገ ዛሬ ስል ሳልጠይቀው ዓመታት አለፉ። ሰው ያከብረኛል። ወጣቱ ጎንበስ ብሎ በሩቁ ያልፈኛል፤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ጠጋ ይሉልኛል። ክብር ደግ ነገር ነው፤ የተከበረን ሰው ግን ማንም አጥብቆ አይዘውም። ክንድ ናፈቀኝ። የሰው ግንባር ግንባሬ ላይ ተደግፎ ሲተነፍስ መስማት ናፈቀኝ። ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያ ሰው እንዲይዘኝ ፈለግሁ። ይሄ ደግሞ ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።

ባለቤቴ አወጣጣችኝ። "ሰው የሚወደው ይናፍቀዋል፤ አንተን የሚጥልህ ይናፍቅሃል" አለችና ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች። ቆየት ብላ ደግሞ "ሂድና ፈልገው። የጓዳዬን በር ግን አትግፋብኝ፣ መቃኑ ሊነቀል ነው" አለችኝ። በዚያ ሰሞን ማንም አያየኝም ብዬ የበሩን መቃን ይዤ በትከሻዬ እገፋ ነበር። ለካስ ታየኛለች።

መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከርሞ፣ ተከፈተ በተባለ ቀን በሚኒባስ ደምበጫ ወረድኩ። ገበያ ነበር፤ ፈረሱና ባጃጁ አንድ መንገድ ላይ ይጋፋሉ። ቤቱን ጠያይቄ አገኘሁት። የከፈተችልኝ ሴት ልጁ ናት። ጆሮዬን አይታ ፈገግ አለች። የታጋይ ጆሮ ታሽቶ ታሽቶ ይኮማተራል፤ የአባቷም እንደዚሁ ስለሆነ ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም።

"አባዬን ፈልገው ነው? እናቴ ካረፈች በኋላ መነኮሰ። ያለው እዚያ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው። ይግቡና እህል ይቅመሱ" አለችኝ።

እህሉ በየት በኩል ይወርዳል? በአገራችን ሚስቱ የሞተችበት ሰው መመንኮሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሲመነኩስ ግን ፍትሐት ይደረግለታል፤ ከዚያ ወዲያ ለዚህ ዓለም የሞተ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይታገልም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ባጃጅ ያዝኩ። ተናድጄም ነበር። ለኔ ሳይነግር እንዴት ይሞታል?

ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ አገኘሁት። ራሱ ላይ ቆብ፣ ትከሻው ላይ የመነኩሴ ቢጫ ልብስ፣ ወይባ። መነኩሴ እንዴት ሰላም እንደሚባል ይጠፋኛል? ራቅ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "እንደምን አሉ አባ" ነው። መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነው የመጣሁት። ብድግ ብሎ ሲቆምልኝ ግን የጎጃሜ ሰላምታዬ ቀደመኝና ትከሻዬን ለትከሻው ሰጠሁት። ትከሻችን ሲነካካ እጄ ያለ ፈቃዴ ሄዶ ማጅራቱ ላይ ዐረፈ።

ሰውነቱ መለሰልኝ። እግሩ ከፈት አለ፤ ወገቡ ዝቅ አለ፤ እጁ መጥቶ አንገቴን ያዘ፤ ግንባሩ ግንባሬ ላይ ተደገፈ። ወይባው ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ። ደጀ ሰላሙ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት "በስመ አብ" ሲሉ ሰማሁ። እሱም እኔም ንቅንቅ አላልንም። ትንፋሹን እሰማለሁ። ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የለቀቀ እሱ ነው። ወይባውን አንስቶ ለበሰና ተመልሶ ተቀመጠ።

"ይፍቱኝ አባ፣ አመል ሆኖብኝ ነው" አልኩት።

ገመዱን አነሳ። መግመድ ግን አልቻለም።

"ሚስቴን ቀብሬ ነው የመጣሁ" አለኝ በመጨረሻ። "ቤቴን ለልጄ፣ በሬዎቼን ለአማቼ ሰጠሁ፤ ዞሬም አላየሁ። ፍትሐቱ ሲደገምብኝ ተጋድሜ አለቀስሁ፣ ከዚያ ወዲህ በቃኝ። ይህችን ግን" አለና አንገቱን ዳሰሰ፣ "ይህችን አልተውኋትም። ለጸሎት ስቆም እጄ ሰው ይፈልጋል። አሁን አሁን ሊለቀኝ ጀምሮ ነበር።"

ናፍቆቱ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዓመታት አንገቱን ይዤው ኖሬ ይህን አለማወቄ ቆጨኝ።

"ሁለተኛ እንዳትመጣ" አለኝ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። "ብጠላህ ኑሮ ና እልህ ነበር።"

እሺ አልኩት። አሁን ጎንበስ ብዬ፣ ራቅ ብዬ፣ እንደ ደንቡ ተሰናበትኩት። እሱም ቀና ብሎ ሳያየኝ "በሰላም ግባ" አለኝ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። "ያዝከው?" አለችኝ። "ያዝኩት" አልኳት። ፊቴን አየችና ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝ።

ዛሬም የደምበጫ ገበያ ቀን ሲሆን ልብሴን ለብሼ መናኸሪያ ድረስ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ወዴት ነው አትለኝም። ሚኒባሱ ሊሞላ ሲል ረዳቱ "ደምበጫ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ወደኔ ያያል። እኔን ነው የሚጠራኝ፤ አውቃለሁ። አልሳፈርም። ሌላ ሰው መጥቶ እስኪሞላለት ቆሜ አይና፣ ሲሄድ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።