የባሌ ጥፍር

ሰው ሁሉ «ካረጁ አይበጁ» ሲል እኔም አብሬ ብያለሁ፤ አልዋሽም። ባሌ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። አሥራ ዘጠኙን ዓመት አንድ ሆቴል ውስጥ ጊታር ሲጫወት ኖሯል። አምና የግራ እጁ የቀለበት ጣት ጅማት ተበላሸና ሐኪሙ «ከእንግዲህ ክር መጫን የለም» አለው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ገና ትናንት የመጣ ልጅ እግር፣ ጠርቶ «ጋሼ፣ በር ላይ ሆነው የእንግዳ ካፖርት ይቀበሉ» አይለውም መሰላችሁ! እኔ ብሆን «አፍንጫህን ላስ!» ነበር መልሴ።

ባሌ ግን ወደ ጥጉ ጠቆመ። እዚያ አንድ ፒያኖ አለ፤ የጠረጴዛ ልብስ አልብሰው የአበባ ማስቀመጫ ካደረጉት ቆይቷል።

«ያንን የሚጫወት ሰው አላችሁ?»

«የለንም። ጋሼ ይችላሉ እንዴ?»

«አልችልም። ስድስት ወር ስጠኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀና ሰጠው። ባሌም ካልቻለ በሩ ላይ ሊቆም ተስማማ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ «አብደሃል!» አልኩት።

«እሺ፣ አብጃለሁ። ራቴስ?» አለኝ።

የፒያኖ ቁልፍ እንደ ክር ጣት አይጎዳም ብሎ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህርት አገኘ። ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር ወረፋ ይዞ ይማር ጀመር፤ «አባባ፣ አውራ ጣትህን በጣቶችህ ሥር አሳልፈው እንጂ!» እያሉ ልጆቹ ያርሙታል። በመጀመሪያው ሳምንት መምህርቷ ቀኝ እጁን አይተው «ይሄን ጥፍር ቆርጠህ ና፤ ቁልፉ ላይ ይንቋቋል» አሉት።

ጊታር ተጫዋች ክሩን የሚመታው በቀኝ እጁ ጥፍር ነው። ባሌ ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ አሳጥሮት አያውቅም። እንዳይሰበር የኔን ቀለም የለሽ የጥፍር ቀለም ይቀባው ነበር፤ ጎረቤት ስንቱን አወራብን! ያንን እጅ ዘርግቶ «ቁረጪልኝ» አለኝ።

ጥፍር መቁረጫውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። «ፒያኖው እምቢ ቢልህስ? ጣትህ ቢድንስ? ምነው መመለሻ ብታስቀር?»

«መመለሻ ካስቀረሁማ እመለሳለሁ!»

ቆረጥኩለት። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ አላለቀሰም፤ በዚያም ተናደድኩበት።

ስድስት ወሩ ሞላና የፈተናው ቀን እኔም ሄድኩ፤ ማን ሊከለክለኝ! አብሯት የሚጫወትላት የሆቴሉ ዘፋኝ ጉንፋን ይዟት ኖሮ «ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው» አለችው። ጉድ ፈላ! ጊታር ቢሆን እጁን ትንሽ አንሸራትቶ ይገላገላል። ፒያኖው ላይ ግን በነጮቹ ቁልፎች ያጠናው ዘፈን ወደ ጥቁሮቹ ዞሮበት ቁጭ አለ። ጀመረ፤ ጠፋው። ደገመ፤ ጠፋው።

«ይበቃል ጋሼ፣ ይነሱ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዘፈኑ መቼ አለቀና ነው የምነሳው?» አለ ባሌ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ቁልፉን እየፈለገ። ዘፋኟም እግዜር ይስጣትና በሱ ልክ አዘገመች። እኔ ትንፋሼን ይዤ ወንበሩን ጨምድጄዋለሁ። ጨረሰው።

ሥራ አስኪያጁ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለት ቦታ ተሳስተዋል።»

ባሌ አሁን ተነሳ። «ሦስት ነው። አንዱን አልሰማኸውም።»

ዘፋኟ ሳቋ ሳል ሆኖ አነቃት።

«ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ ባሌ።

«ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በአሥር እመጣለሁ። ሦስቱንም ላርማቸው።»