ፂም ያለበት ፎቶ

አባቴን የወሰዱት ፂሙን በተላጨ ማግስት ነው።

ነፃነት ከመጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኛ የወሎ ሙስሊሞች ነን። አስመራ፣ ዓኽርያ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አባቴ መደበር በሚባለው ገበያ ከብረት ቀጥቃጮቹ ጋር ተቀምጦ ከአሮጌ በርሜል ፎርኔሎ፣ የከሰል ምድጃ፣ ይሠራል፤ እናቴ በርበሬ ትቸረችራለች። እኔ እዚያው አስመራ ተወልጄ፣ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ቤት ቀረሁ። ከነፃነት በኋላ ሦስታችንም የውጭ አገር ሰዎች ተባልን፤ በየጊዜው የሚታደስ የመኖሪያ ፈቃድ ተሰጠን። በአባቴ ፈቃድ ላይ ባለው ፎቶ ፂሙ ጥቁር ነው፤ ደረቱ ላይ ይደርሳል።

ያን ሰሞን ወደ ቆላ በሚወስደው መንገድ ላይ ፈንጂ አንድ አውቶቡስ አጋየ። ሬሳዎቹን የጫነው ካሚዮን በሰፈራችን ሲያልፍ ሸራው ተገልጦ አየሁ። አንድ የከሰለ እግር፣ ጫማው ሳይወልቅ፣ ከጎን ወጥቶ ይወዛወዝ ነበር። ከሟቾቹ አንዱ የአከራያችን ወንድም ነው። ያጠመዱት ከድንበር ማዶ የገቡ ጂሃዲስቶች ናቸው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ፂም ያለው ሙስሊም ከመንገድ ይታፈስ ጀመር። የሰፈሩን የቁርአን አስተማሪ ከመስጊዱ በር በፂሙ ጎትተው አወጡት። አንድ ጭብጥ ፀጉር ከነቆዳው ወታደሩ እጅ ውስጥ ቀረ። ወታደሩ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

እናቴ ይህን አይታ ነው ምላጭ ገዝታ የገባችው።

"አንተ ሰው፣ ተቀመጥ።"

"ሱና ነው፤ አይነካም።"

"ሱናውን የልብህ ኒያ ይጠብቅልህ። እኔ አንገትህን ነው የምፈልገው።"

"ወላሂ፣ ሴትዮ፣ ከጋብቻችን በፊት ያሳደግሁትን..."

"ዝም በል፣ ትቆረጣለህ።"

ሳሙና ቀብታ ላጨችው። ስትጨርስ ቀና ብለን አየነው። ግንባሩንና ጉንጩን የመደበር እሳትና ጢስ አጥቁሮታል፤ አገጩ ግን ፀሐይ ሳይነካው ኖሮ እንደ ሕፃን ገላ ነጥቶ ወጣ። እናቴ ከፎርኔሎው ጥላሸት ወስዳ ልታመሳስለው ሞከረች። ላቡ መልሶ አጠበው።

"ደግ አደረግሽ፤ አሁን ዝንጀሮ ሆንሁልሽ" አላት።

ሳቅን። በዚያ ቤት ለረጅም ጊዜ የመጨረሻው ሳቅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወታደሮች ግቢያችን ገቡ። ፀጉሩ የተንጨባረረ አንድ ወጣት የአባቴን ፈቃድ ተቀበለና ፎቶውንና ፊቱን እያፈራረቀ አየ።

"ጭሕምኻ ኣበይ ኣሎ?" አለው፤ ፂምህ የታለ ማለቱ ነው።

"ተላጨሁት ጌታዬ" አለ አባቴ በአማርኛ። ሲፈራ ትግርኛው ይጠፋበታል።

"መቼ?"

"ትናንት።"

ወጣቱ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "ሰማችሁ? ትናንት! አውቶቡሱ ከነደደ በኋላ! ንጹሕ ሰው ምን ያስላጨዋል? ይሄ ወረቀትስ የማን ነው?"

መልስ አልጠበቀም። በጠመንጃው ሰደፍ አገጩን መታው። አባቴ ወደቀ፤ ሁለት ጥርሶች ከደም ጋር ሲሚንቶው ላይ ተፋ። እናቴ "እኔ ነኝ የላጨሁት! ይኸውና!" እያለች ከቤት ሮጣ ወጣች። ምላጩን ይዛ ነበር። ሌላኛው ወታደር ጠመንጃውን አቀባበለባት፤ ሦስተኛው በእርግጫ ጣላትና እጇን በጫማው ረገጠው። ምላጩ መዳፏ ውስጥ ነበር።

አከራያችን ጥቁር ለብሳ በሯ ላይ ቆማለች። በግቢዋ ስንኖር ብዙ ዓመታችን ነው፤ የምታበስልበትን ፎርኔሎ የሠራላት አባቴ ነው።

"ትፈልጥዮ ዲኺ?" አላት ወጣቱ፤ ታውቂዋለሽ?

ወደ አባቴ አየች። 

"ኣይፈልጦን እየ" አለች። አላውቀውም። ከዚያም በሯን ዘጋች። አባቴን እየጎተቱ ወሰዱት።

እናቴ የተቆረጠ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ተኝታ ስለነበር ጣቢያ የሄድሁት እኔ ነኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከባዕድ ወንድ ጋር ቀና ብዬ ተነጋግሬ አላውቅም።

"ፊቱና ፎቶው አይገናኝም" አለኝ ኃላፊው። "ፂሙ እስኪያድግ እዚሁ ይቆያል። ከመሰለ ይወጣል። ካልመሰለ የሌላ ሰው ወረቀት የያዘ ነው፤ ከድንበር እናሻግረዋለን።"

"ሌላውን ሰው ፂም አለህ ብላችሁ ትይዛላችሁ፤ እሱን ደግሞ ፂም የለህም ብላችሁ" አልሁት።

ኃላፊው ሳቀ። "ጓለይ፣ ሕጊ ሕጊ እዩ።" ልጄ፣ ሕግ ሕግ ነው።

ምሳውን ይዤ በሄድሁ ቁጥር የበሩ ጠባቂ በፂሙ እየቀለደ "የአባትሽ እርሻ ገና ነው፤ ዝናብ ይጠብቃል" ይለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ከውስጥ የወንድ ጩኸት ይሰማል። ምሳውን አስቀምጬ ጆሮዬን በነጠላዬ እሸፍናለሁ፤ የማን ድምፅ እንደሆነ እንዳልለይ።

ከወራት በኋላ ፂሙ አደገ፤ ግን ነጭ ሆኖ። ሰደፉ ባረፈበት ቦታ ምንም አልበቀለም፤ ጠባሳው ከከንፈሩ እስከ አንገቱ እንደ መንገድ ተከፍቶ ቀረ። ኃላፊው ፎቶውን ጉንጩ አጠገብ ይዞ ብዙ ቆየ። 

"ዓይኑ ያው ነው" አለ በመጨረሻ። "ውሰጂው። ግን በዚህ ፎቶ መንቀሳቀስ አይችልም፤ በአዲስ ያሳድስ።"

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌው ፎቶ አንሺ አባቴን አስቀመጠና ሳሙናና ምላጭ አቀረበ።

"ልላጭህ ወይ፣ ኣቦይ? ይሄን ሰሞን ሙስሊሙ ሁሉ ተላጭቶ ነው የሚነሳው።"

እናቴ ምላጩን ስታይ የተጎዳ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። በዕድሜዬ አማክሮኝ አያውቅም።

"አንቺ ምን ትያለሽ?"

"እንዲሁ ተነሳ።"

"ይይዙኛል እኮ።"

"ተላጭተህም ያዙህ፣ አባዬ። ደግመው ሲወስዱህ አባቴ ይሄ ነው ብዬ የማሳየው የራስህ ፊት ይሁን።"

እናቴ በደህናው እጇ ፂሙን ወደ ጠባሳው ልታለብስ ሞከረች። እጇን ቀስ አድርጎ መለሰው። "ተይው፤ ይታይ።"

መብራቱ ቦግ ሲል አባቴ በሁለት ክንዱ ራሱን ሸፈነ። ሽማግሌው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

"ኣጆኻ፣ አይዞህ፣ መብራት ነው። እንደገና።"

እንደገናም ሸፈነ። ያን ጊዜ ሄጄ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከክሁና ሁለቱንም እጆቹን ጉልበቱ ላይ ይዤ ቆየሁ። ፎቶው ላይ እኔ አልታይም።